የእኛ «የሚ» በእንግሊዝኛ ስንት መልክ አለው? ካን፣ መስት እና ሹድን ከ«ሁ» እና ከ«ዛት» ጋር የማገናኘት መመሪያ

«እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትቀይሩት ምን ይመጣላችኋል? ብዙ ሰው «አይ ኒድ ኤ ፐርሰን ሁ ካን ኢንግሊሽ» ይላል። ሰሚው ይገባዋል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ግስ ጎድሎታል። በአማርኛ «መቻል» ብቻውን ይቆማል። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ዋና እችላለሁ እንላለን፤ ማንም «ምን ማድረግ ነው የምትችለው?» ብሎ አይጠይቀንም። የእንግሊዝኛው «ካን» ግን ረዳት ግስ ነው። የሚረዳው ሌላ ግስ ከኋላው ይፈልጋል። ስለዚህ ትክክሉ «ሁ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ» ነው።

እንዲህ ያሉት ረዳቶች ሞዳል ይባላሉ። ዋናዎቹ 9 ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል እና ዉድ። «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» እያለ ስምን የሚገልጸው የዓረፍተ ነገር ክፍል ደግሞ ሪሌቲቭ ክሎዝ ይባላል። ሁለቱንም ትምህርት ቤት ለየብቻ ተምረናቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ሲገናኙ ነው። አማርኛ ሁለቱን አንድ ቃል ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጣቸዋል። «የሚረዳኝ» ብለን እናልፋለን፤ እንግሊዝኛው «ሁ ካን ሄልፕ ሚ» ብሎ አራት ቃል ይዘረዝራል።

ምሳሌዎቹን በሙሉ በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቡ ነው። ይሄ ነገር በአፍ ካልተለማመዱት በወረቀት ብቻ አይገባም።

1. መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ወደ ፊት አምጡት

አማርኛ መጀመሪያ ይገልጻል፣ ከዚያ ስሙን ይጠራል። «ስልክ የሚጠግን ሰው» ስንል «ሰው» መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ «ሰው» ይላል፣ ከዚያ ስለ ሰውየው ይናገራል፦ «ኤ ማን ሁ ካን ፊክስ ፎንዝ»። ስለዚህ አማርኛውን በልባችሁ ከያዛችሁ በኋላ መጨረሻው ላይ ያለውን ስም ፈልጉ። እሱን በመጀመሪያ ተናገሩት። ለአፋችሁም ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል።

2. ማያያዣውን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃና ለሐሳብ «ዊች»፣ ለቦታ «ዌር»፣ ለጊዜ «ዌን»። «ዛት» ለሰውም ለዕቃም ይሆናል፤ ከጠፋባችሁ እሱን ያዙ። ከኮማ በኋላ ተጨማሪ መረጃ ስትጨምሩ ግን አይሆንም። የባለቤትነት ነገር ካለ «ሁዝ» ይመጣል፦ መኪናውን ልንዋሰው የምንችል ሰው፣ «ሰምዋን ሁዝ ካር ዊ ካን ቦሮው»።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ዌር» እና «ሁ» መጀመሪያ ያወቅናቸው የጥያቄ ቃል ሆነው ነው። «ዌር ካን አይ ስሊፕ?» ማለት «የት መተኛት እችላለሁ?» ነው። ይሄ አፍ ላይ ስለሚቀር «የምተኛበት ቦታ» ለማለት «ኤ ፕሌስ ዌር ካን አይ ስሊፕ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄ ካልሆነ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ሞዳሉ ይከተላል፦ «ኤ ፕሌስ ዌር አይ ካን ስሊፕ»።

3. «የሚ» ውስጥ ምን እንደተደበቀ ጠይቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ቀስ በሉ።

«ይሄ የምትወስደው መድኃኒት ነው» የሚለውን አስቡ። አማርኛ የሚሰማ ሰው ከሁኔታው ይገባዋል። እንግሊዝኛ ግን ምርጫ ያስገድዳችኋል፦

«ዘ ሜዲሲን ዩ ቴክ» ካላችሁ፣ ሁልጊዜ የምትወስደው፣ የለመድከው መድኃኒት ነው። ሞዳል የለውም።
«ዘ ሜዲሲን ዩ መስት ቴክ» ካላችሁ፣ የግድ ነው።
«ዘ ሜዲሲን ዩ ሹድ ቴክ» ካላችሁ፣ ብትወስደው ይሻላል፣ የምመክርህ ይሄንን ነው።
«ዘ ሜዲሲን ዩ ካን ቴክ» ካላችሁ፣ ብትፈልግ ውሰድ፣ አይከለከልም፣ ወይም የሚስማማህ ይሄ ነው።
«ዘ ሜዲሲን ዩ ዊል ቴክ» ካላችሁ፣ ወደፊት የምትወስደው ነው።

አማርኛው አንድ፣ እንግሊዝኛው አምስት። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ እናትና አባታቸውን ይዘው ሆስፒታል የሚሄዱ ልጆች ይሄንን በየጊዜው ያዩታል። ሐኪሙ «ዩ ካን ቴክ» ይላል፤ ልጁ «የምትወስጂው ይሄን ነው» ብሎ ያስተላልፋል፤ እናት ደግሞ የግድ አድርገው ይይዙታል። ወደ አማርኛ ስትመልሱ «ከፈለግሽ ልትወስጂው የምትችዪው» ወይም «የግድ መውሰድ ያለብሽ» እያላችሁ ዘርዝሩት። ይረዝማል። ይርዘም።

ስለዚህ «የሚ» ወይም «የም» ባያችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ልማድ ነው፣ ችሎታ ነው፣ ግዴታ ነው፣ ምክር ነው፣ ወይስ ገና የሚሆን ነገር? ልማድ ከሆነ ሞዳሉን ተዉት። «ስልክ የሚጠግን ጓደኛ አለኝ» ስትሉ ሥራው ከሆነ «ኤ ፍሬንድ ሁ ፊክሲዝ ፎንዝ» ይበቃል። ሁሉም ቦታ «ካን» መጨመርም ስሕተት ነው።

በአሉታ ጉዳዩ ይብሳል። «መውሰድ የሌለብህ መድኃኒት» ሲባል የተከለከለ ነው ወይስ አስፈላጊ ያልሆነ? እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። «ሜዲሲን ዩ መስት ኖት ቴክ» ማለት ክልክል ነው፣ እንዳትነካው። «ሜዲሲን ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ቴክ» ማለት ግን የግድ አይደለም፣ ብትወስደውም ባትወስደውም ችግር የለም። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲሆኑ ይቀራረባሉ። በአሉታ ሰማይና ምድር ናቸው።

4. ከሞዳሉ በኋላ ግሱን ራቁቱን ተዉት

ይሄኛው አጭር ነው፤ ጥፋቱ ግን በየቀኑ ነው የሚሰማው። በአማርኛ ይችላል፣ ትችላለች፣ ይችላሉ እያልን እንለዋውጣለን። «ካን» አይለወጥም፣ ከኋላው ያለው ግስም አይለወጥም። «ሁ ካንስ» አይባልም፣ «ሁ ካን ስፒክስ» አይባልም፣ «ሁ ካን ቱ ስፒክ»ም አይባልም። «ኤ ገርል ሁ ካን ስፒክ»፣ «ፒፕል ሁ ካን ስፒክ»። በቃ።

«ሃቭ ቱ» እና «ኒድ ቱ» ከዘጠኙ ውስጥ ስለሌሉ «ቱ»ን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከባለቤቱም ጋር ይለወጣሉ፦ «ዘ ማን ሁ ሃዝ ቱ ሳይን»።

ሁለት ሞዳል ተከታትሎ አይመጣም። «ነገ መምጣት የሚችል ሰው» ለማለት «ሁ ዊል ካን ከም» የሚሉ አሉ። «ሁ ካን ከም ቱሞሮው» በቂ ነው። የግድ «ዊል» ካስፈለገ «ሁ ዊል ቢ ኤብል ቱ ከም» በሉ። «ካን ኤብል ቱ» የሚለውን ቅልቅል ግን ከአፋችሁ አውጡት። «ካን» እና «ኤብል ቱ» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ከሁለቱ አንዱን ያዙ።

5. በአማርኛው ቅጥያ አትታለሉ

«የማምነው ሰው» በሉና መጨረሻውን ስሙት። «ው» አለች። ይህች «ው» ሰውየውን ነው የምትጠቁመው። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን «ኤ ማን ሁ አይ ካን ትረስት ሂም» የምንለው። «ሂም» የመጣችው ከ«ው» ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን «ኤ ማን» ብሎ አንዴ ስለጠራው ድጋሚ መጥራት አያስፈልገውም። ቦታው ባዶ ይቀራል፦ «ኤ ማን አይ ካን ትረስት»።

«ሁ»ንም እንደጣልኩት አስተውሉ። ስሙ የግሱ ተቀባይ ሲሆን ማያያዣውን መጣል ይቻላል፣ በንግግር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጣላል። ስሙ ራሱ አድራጊ ሲሆን ግን አይጣልም። «አይ ኒድ ሰምዋን ካን ሄልፕ ሚ» ስሕተት ነው፤ «ሁ» የግድ ትገባለች።

ቆይ፣ «ሄልፕ ሚ» ላይ «ሚ» ለምን ቀረች? «የሚረዳኝ» ውስጥ ያለችው «ኝ» የምትጠቁመው እኔን እንጂ ሰውየውን ስላልሆነ ነው። ሕጉ ይሄው ነው። ቅጥያው የሚጠቁመው ወደ ፊት ያመጣችሁትን ስም ከሆነ ጣሉት፤ ሌላ ሰው ከሆነ አስቀሩት። «የማምናት ሴት»፣ «ኤ ውማን አይ ካን ትረስት»፣ ባዶ። «የምታምነኝ ሴት»፣ «ኤ ውማን ሁ ዊል ትረስት ሚ»፣ «ሚ» ትቀራለች።

6. «በት» እና «ለት» ወዴት ይሄዳሉ?

እኔ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። በደንብ የሚናገሩ ሰዎችም እዚህ ላይ ይንሸራተታሉ።

«የምቀመጥበት ወንበር»፣ «የምጽፍበት እስክሪብቶ»፣ «የምንኖርበት ቤት»። ሁሉም ላይ «በት» አለ። እንግሊዝኛ ይህንን «በት» ወደ መስተዋድድ ይቀይረውና ግሱ ኋላ ይለጥፈዋል። የትኛው መስተዋድድ እንደሚሆን ግን ከአማርኛው አይታወቅም። «ኤ ቼር አይ ካን ሲት ኦን»። «ኤ ፔን አይ ካን ራይት ዊዝ»። «ኤ ሃውስ ዊ ካን ሊቭ ኢን»። እንደገና ደግሞ «የምጽፍበት ወረቀት» ሲሆን «ፔፐር አይ ካን ራይት ኦን» ይሆናል። ግሱ አንድ፣ «በት»ም አንድ፤ እስክሪብቶ ላይ «ዊዝ»፣ ወረቀት ላይ «ኦን»።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ተራ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። «በእስክሪብቶ እጽፋለሁ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? «አይ ራይት ዊዝ ኤ ፔን»። «ዊዝ» ተገኘች። አሁን «ኤ ፔን»ን ወደ ፊት አምጡ፣ «ዊዝ» ባለችበት ትቅር፦ «ኤ ፔን አይ ካን ራይት ዊዝ»። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ሲያልቅ ያልጨረሳችሁ ይመስላችኋል። ጨርሳችኋል።

«ለት» እና «ላት»ም እንደዚሁ ናቸው። «የምሠራለት ድርጅት» ብትሉ «ኤ ካምፓኒ አይ ካን ወርክ ፎር» ነው። «የምተማመንበት ሰው» «ኤ ፐርሰን አይ ካን ሪላይ ኦን» ይሆናል።

ከዚህ የሚከፋው መስተዋድዱ አማርኛው ላይ ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር ነው። «የማናግረው ሰው አለ?» ስንል «በት» የለም፣ «ለት» የለም። ስለዚህ «ኢዝ ዜር ሰምዋን አይ ካን ቶክ?» ብለን እናቆማለን። እንግሊዝኛው «ቶክ ቱ» ነው የሚለው፣ «ቱ» መቅረት የለባትም፦ «ኢዝ ዜር ሰምዋን አይ ካን ቶክ ቱ?» መጠበቅም እንደዚሁ ነው፦ «ዘ ባስ ዩ ሃቭ ቱ ዌይት ፎር»። ማዳመጥም፦ «ሰምቲንግ ዩ ሹድ ሊስን ቱ»። እነዚህን ግሶች ከነመስተዋድዳቸው እንደ አንድ ቃል መሸምደድ ነው የሚያዋጣው።

ቦታ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። ወይ «ኤ ሃውስ ዊ ካን ሊቭ ኢን»፣ ወይ «ኤ ሃውስ ዌር ዊ ካን ሊቭ»። «ዌር» ካለች «ኢን» ትወጣለች። ሁለቱን አንድ ላይ አታስገቡ።

ደብዳቤ ወይም የቢሮ ጽሑፍ ላይ መስተዋድዱ ወደ ፊት ሊመጣ ይችላል፦ «ዘ ፐርሰን ቱ ሁም ዩ ሹድ ራይት»። ያምራል፣ ግን በአፍ ሲባል ኮስተር ይላል። ታክሲ ውስጥ እንዲህ ብትሉ ሹፌሩ ዞር ብሎ ያያችኋል። ወደ ፊት ስታመጡት ደግሞ «ቱ ዛት» ወይም «ቱ ሁ» አይሆንም፤ ለሰው «ሁም»፣ ለዕቃ «ዊች» ነው።

7. የሚደረግበት ነገር ከሆነ «ቢ»ን አትርሱ

«መፈረም ያለበት ፎርም»፣ «ዘ ፎርም ዛት መስት ቢ ሳይንድ»። ፎርሙ አይፈርምም፤ ይፈረምበታል። አማርኛ «ተ»ን ግሱ ውስጥ ቀላቅሎ ስለሚያልፍ «ቢ» ትረሳለች፣ «ዘ ፎርም ዛት መስት ሳይን» ይባላል፣ ፎርሙም ፈራሚ ይሆናል። ሞዳል፣ ቀጥሎ «ቢ»፣ ቀጥሎ የግሱ ሦስተኛ መልክ። ሌላ ነገር የለውም።

8. ያለፈ ነገር ሲሆን ተጠንቀቁ

«ትናንት መፈረም የነበረብኝ ፎርም» አልኳችሁ እንበል። ፈርሜዋለሁ ወይስ አልፈረምኩም? ከአማርኛው ብቻ አይታወቅም። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፦

«ዘ ፎርም አይ ሃድ ቱ ሳይን» ማለት ግዴታ ነበረብኝ ማለት ነው፤ ሰሚው ፈርሞታል ብሎ ነው የሚወስደው።
«ዘ ፎርም አይ ሹድ ሃቭ ሳይንድ» ማለት መፈረም ነበረብኝ፣ ግን አልፈረምኩም።

ክፍል ውስጥ ይሄ የአንድ ነጥብ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ታሪኩ ራሱ ይገለበጣል። በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነም «መፈረም ነበረብኝ፣ ግን አልፈረምኩም» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ። አስተርጓሚው እንዲገምት አታድርጉት።

በዚሁ መንገድ «ሊረዳኝ ይችል የነበረ ሰው» «ሰምዋን ሁ ኩድ ሃቭ ሄልፕድ ሚ» ይሆናል፤ ይችል ነበር፣ ግን አልረዳኝም። «ቦርሳዬን ወስዶ ሊሆን የሚችል ሰው» ደግሞ «ሰምዋን ሁ ማይት ሃቭ ቴክን ማይ ባግ» ነው፤ ጥርጣሬ ብቻ ነው። «መስት» በራሱ ያለፈ መልክ ስለሌለው ላለፈ ግዴታ «ሃድ ቱ»ን ነው የምንጠቀመው። «መስት ሃቭ» ስትሉ ትርጉሙ ይለወጣል፦ «ዘ ማን ሁ መስት ሃቭ ቴክን ኢት»፣ የወሰደው እሱ መሆን አለበት፣ ሌላ ሰው አይታየኝም።

9. ማሳጠር ከቻላችሁ አሳጥሩ

«የሚበላ ነገር አለ?» ለማለት «ኢዝ ዜር ሰምቲንግ ዛት ዊ ካን ኢት?» ማለት ስሕተት አይደለም። ግን ሰው የሚለው «ኢዝ ዜር ሰምቲንግ ቱ ኢት?» ነው። «ካን» ወይም «ሹድ» የሚገባበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ «ቱ» ብቻዋን ትበቃለች፦ «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን»፣ «ሰምዋን ቱ ቶክ ቱ»። መስተዋድዷ እዚህም አትጠፋም። «ማይት» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ግን በዚህ መንገድ አታሳጥሩ፤ ጥርጣሬው ይጠፋል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተሸምድዶ የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አይ አም ኤ ፐርሰን ሁ ካን ወርክ አንደር ፕሬሸር»። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን «አይ ካን ወርክ አንደር ፕሬሸር» ብትሉ ምን ይጎድላል? «ሰው መሆኔን» ቀጣሪው ያያል።

አሁን አንድ ረዘም ያለ እንሥራ

«ነገ ጠዋት ከእናቴ ጋር ክሊኒክ ሄዶ የሚያስተረጉምላት ሰው እፈልጋለሁ።»

ስሙ «ሰው» ነው፤ ወደ ፊት ይምጣ፦ «አይ ኒድ ሰምዋን»። ሰውየው ራሱ አድራጊ ስለሆነ «ሁ» አትጣልም። «የሚ» ውስጥ ያለው ችሎታ ነው፤ ጊዜ ያለው፣ ቋንቋ የሚያውቅ። ስለዚህ «ካን»። «ሄዶ»ን ከቀጣዩ ግስ ጋር በ«ኤንድ» እናያይዘዋለን፤ አንዷ «ካን» ለሁለቱም ግስ ትሠራለች፣ መድገም አያስፈልግም። «ላት» የምትጠቁመው እናቴን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ስለዚህ አትጣልም፣ «ፎር ሀር» ትሆናለች።

«አይ ኒድ ሰምዋን ሁ ካን ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ ዊዝ ማይ ማዘር ቱሞሮው ሞርኒንግ ኤንድ ኢንተርፕሬት ፎር ሀር።»

የእናንተ ተራ። መልሱን ሳታዩ ሞክሩ።

ሀ. የምንከራየው ቤት እየፈለግን ነው።
ለ. ቁልፉን የምሰጠው ጎረቤት የለኝም።
ሐ. ከእሑድ በፊት መከፈል ያለበት ሂሳብ ይሄ ነው።
መ. ልደውልለት ይገባኝ የነበረ ሰው ነበር፤ አልደወልኩም።

መልሶቹ፦

ሀ. «ዊ አር ሉኪንግ ፎር ኤ ሃውስ ዊ ካን ሬንት»። መጨረሻ ላይ «ኢት» ካስገባችሁ ወደ 5 ተመለሱ።
ለ. «አይ ዶንት ሃቭ ኤ ኔበር አይ ካን ጊቭ ዘ ኪ ቱ»። አማርኛው ላይ ያልታየችው «ቱ» መጨረሻ ላይ መጥታለች።
ሐ. «ዚስ ኢዝ ዘ ቢል ዛት መስት ቢ ፔይድ ቢፎር ሰንደይ»። «ሃዝ ቱ ቢ ፔይድ» ብትሉም ልክ ናችሁ።
መ. «ዜር ዋዝ ሰምዋን አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ»። «ለት» እያለ መስተዋድድ የለም፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው «ኮል» ሰውን በቀጥታ ነው የሚወስደው። «ኮል ቱ» ብላችሁ ከነበረ አማርኛው ነው ያሳሳታችሁ።